የእርሾ ስም ታሪክ፤ ከቡሐቃ እስከ ዲኤንኤ ንባብ

መግቢያ

አዲስ ዕውቀት ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን በሁለት መንገድ ያስቸግራል። አንዳንዱ ነገር ከነጭራሹ ስም ሳይኖረው ይመጣል፤ ለዚህ ወይ ቃል ይፈጠርለታል ወይ የባዕዱ ቃል እንዳለ ይወሰዳል። ሌላው ደግሞ በቋንቋው ውስጥ ቀድሞ ስም ያለው ይመስላል፤ ተርጓሚውም ያንን ስም አንሥቶ ይሰጠውና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከሁለቱ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ሁለተኛው ነው፤ አሮጌው ቃል የቆየ ትርጉሙን እንደ ያዘ በአዲስ ሥራ ላይ ይሰማራልና። በሕክምና ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው «እርሾ» ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቃላት አንዱ ነው።

ጉዳዩን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን ብናየው ይቀልላል። በወላይታ ዞን፣ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ ዱቦ የሚባል ቦታ አለ። የካቶሊክ ሚሲዮን ከቆየባቸው የወላይታ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታልም የሚገኘው በዚሁ ነው። የአካባቢው ገበሬ ጓሮ በእንሰት የተሸፈነ ነው፤ ወላይትኛ እንሰትን «ኡታ» ይለዋል። በጓሮው ጉድጓድ ውስጥ ቆጮው ይብላላል፤ በመብላላቱም ሥራ ከባክቴሪያዎች ጋራ የእርሾ ሕዋሳት ይሳተፋሉ። ከዚሁ ጓሮ ወደ ሆስፒታል በሚሄደው በሽተኛ አፍ፣ ደም ወይም የአንጎል ውሃ ውስጥም የእርሾ ሕዋሳት ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ በጉድጓዱና በበሽተኛው ገላ የሚኖሩት ፍጥረታት በዝምድና የተቀራረቡ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። በአማርኛ ግን ለሚመግበውም ለሚገድለውም ያለን ቃል አንድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሽታ አምጪ እርሾዎች ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው በምን በምን መንገድ እንደ ተለዩ፣ ዲኤንኤን ማንበብ ሲጀመር ስሞቻቸው እንዴት እንደ ተናጉ በአጭሩ ማሳየትና፣ ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለአማርኛ ስያሜ የሚበጀውን ሐሳብ ማቅረብ ነው።

፩. ቃሉ በቤት ውስጥ

እርሾ በባልትና ቋንቋ ማለት ከቀደመው ቡኮ ተቀንሶ የሚቀመጥ፣ አዲሱን ሊጥ የሚያቦካ ቀጭን ፈሳሽ ነው። በዙሪያው የተሰለፉት ቃላት ብዙ ናቸው። ሊጥ ይቦካል፤ የቦካው ቡኮ ወይም ቡሖ ይባላል፤ የሚቦካበት ዕቃ ቡሐቃ ነው። ጠላ ይጠነሰሳል፤ ከጌሾና ከውሃ የሚጀመረው ጥንስስ ይባላል። ግዕዝም ለቦካው «ብሑእ»፣ ላልቦካው «ናእት» የሚሉ ቃላት አሉት፤ ቡሖ የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚሁ ከብሑእ ሥር መሆኑ አያጠራጥርም።

እነዚህን ቃላት የሚያስተባብራቸው አንድ ነገር አለ። ሁሉም ሥራን ወይም ሁኔታን ይሰይማሉ፤ የሠራተኛውን ማንነት አይጠይቁም። ባለሙያዋ እርሾውን የምታውቀው በሽታው፣ በአረፋውና በሚሰጣት የእንጀራ ዐይን ነው። በውስጡ አንድ ፍጥረት ይኑር ብዙ ለእንጀራዋ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ሳይንቲስቶች ይህንኑ የጤፍ ቡኮ በላቦራቶሪ ሲመረምሩት ግን ጥያቄው ተለወጠ። ስቱዋርትና አስናቀ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ እንጀራ ጠባይ ባሳተሙት ጥናት ለመቡካቱ ዋና ሠራተኛ ያደረጉት ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለውን እርሾ ነው። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ አሲድ የሚያበጁ ባክቴሪያዎች በጤፍ ቡኮ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ጎልቶ ወጣ። ስለዚህ የባልትናው እርሾ የእርሾ ሕዋሳትና የባክቴሪያዎች ጉባኤ ነው። ፈረንጆቹ ለነጠላው ፍጥረት የሚሰጡትን ስም በእኛ «እርሾ» መተርጎም ማኅበሩን በአንዱ አባል ስም እንደ መጥራት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ በእንጀራ ጥናት ብቻ የሚጠቀስ ስም አይደለም፤ የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ደም ውስጥ ገብቶ ሕመም እንደሚያመጣም ይታወቃል። ይህ እንጀራን የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ሊጡ በምጣድ ላይ ሲበስል ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ለቃል መርማሪ ግን የጓዳውና የሆስፒታሉ ስም መገናኘት የጀመረበት አንድ ምልክት ነው።

የሕመም ስሞቻችንም የሚናገሩት ስለሚታየው ነገር ነው። ቋቁቻ፣ ፎረፎር፣ ጭርትና ቆረቆር በሕዝብ ዘንድ በመልካቸውና በወጡበት የሰውነት ክፍል የተለዩ ናቸው። ሳይንስ ሲከፋፍላቸው መስመሩ በሌላ በኩል ያልፋል። ቋቁቻና ፎረፎር በቆዳ ቅባት ከሚኖረው ማላሴዢያ ከተባለ የእርሾ ወገን ጋራ ይያያዛሉ፤ ጭርትና ቆረቆር ግን በአብዛኛው እንደ ክር እየተቀጣጠሉ የሚያድጉ የሌላ ዓይነት ፈንገሶች ሥራ ናቸው። ሕዝቡ ቆረቆርንና ፎረፎርን ሁለቱንም የራስ ቆዳ ሕመም ብሎ ሲያቀራርባቸው፣ ላቦራቶሪው ፎረፎርን ከራስ አውርዶ በደረት ላይ ካለው ቋቁቻ ጋራ ያዛምደዋል።

፪. በዐይንና በስኳር የመለየት ዘመን

በሽታ አምጪ እርሾን መሰየም በአውሮፓ የተጀመረው በሕፃናት አፍ ውስጥ ከሚታየው ነጭ ልባስ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ላንገንቤክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንድ በሽተኛ ላይ ይህን መሰል ፈንገስ ማየቱን ጻፈ። በ1853 እ.ኤ.አ. ሮባን የተባለ ፈረንሳዊ ኦይዲየም አልቢካንስ ብሎ ሰየመው። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በርክሃውት የተባለች ሆላንዳዊት በ1923 እ.ኤ.አ. ካንዲዳ የሚለውን የወገን ስም አቋቋመች። ካንዲዳ በላቲን «ነጭ» ማለት ነው፤ አልቢካንስም «የሚነጣ» ማለት ነው። ካንዲዳ አልቢካንስ እንግዲህ «ነጩ የሚነጣ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ሐኪሙ ያየውን ቀለም ሁለት ጊዜ ከመናገር አያልፍም፤ የአሰያየሙም መንገድ የእኛ ሰው ቋቁቻን ከሰየመበት መንገድ የራቀ አልነበረም።

በማጅራት ገትር መልክ የሚገድለው ክሪፕቶኮከስ የታወቀውም በዚያው የዐይን ዘመን ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. ሳንፌሊቼ የተባለ ጣሊያናዊ ከኮክ ፍሬ ጭማቂ፣ ቡሰ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ከአንዲት በሽተኛ አጥንት አገኙት። አንዱ ከምግብ፣ ሌላው ከሕመም ተነሥተው አንድ ዓይነት ፍጥረት ላይ ደረሱ።

ዐይን ብቻውን እንደማይበቃ ግን ቶሎ ታወቀ። የእርሾ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድቡልቡል ነው፤ ከጎኑም እንደ ቡቃያ ትንሽ ልጅ ያወጣል። ከዚህ በላይ ብዙም መልክ የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከመልኩ ወደ ጠባዩ ዞሩ። ለሕዋሱ ግሉኮስ፣ ማልቶስ፣ ላክቶስና ሌሎች ስኳሮች በየተራ ይቀርቡለታል፤ የትኛውን እንደሚመገብ፣ የትኛውን እንደሚተው በሠንጠረዥ ይያዛል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ካንዲዳ አልቢካንስ በደም ውሃ ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት፣ በጥቂት ሰዓት ጊዜ ቀጭን ቱቦ እንደሚያበቅል ታውቆ ርካሽና ፈጣን መለያ ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ዝርያዎችን በተለያየ ቀለም የሚያሳድግ ማብቀያ ወጣ፤ አልቢካንስ በዚህ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይበቅላል።

እነዚህ ፈተናዎች ዛሬም ጠቃሚ ናቸው። ደካማ ጎናቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ጠባይ ካሳዩ በአንድ ስም ይጽፏቸዋል። ፈታኙ ከሠንጠረዡ ውጭ የሆነ እንግዳ ሲገጥመውም ከታወቁት ስሞች የሚቀርበውን ይሰጠዋል። መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለን ቃል በሚመስለው ቃል ሥር እንደ ማስገባት ነው።

፫. ፊደሉን ማንበብ

ዲኤንኤ በሕያው ነገር ሁሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ረጅም ክር ሲሆን፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ በተባሉ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ መጽሐፍ ነው ቢባል አይሳሳትም። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር መጽሐፉ ይገለበጣል፤ በግልበጣውም መካከል አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል ወይም ይገደፋል።

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ይህን አሠራር አሳምሮ ያውቀዋል። የአንድ ድርሳን ዐሥር ቅጂዎች ቢቀርቡለት በየትኛው ገጽ የትኛው ቃል እንደ ተገደፈ ያነጻጽራል። ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ግድፈት በአንድ ቦታ ላይ ካላቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸውን ይረዳል። የሽፋኑ ቆዳ፣ የቀለሙ ድምቀት ወይም የተገኘበት ገዳም ሊያሳስተው ይችላል፤ ግድፈቶቹ ግን የዝምድናውን ሐረግ ይነግሩታል። እርሾን በዲኤንኤ መለየት ማለትም ይኸው ነው።

መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ስለ ነበረ፣ በሁሉም እርሾዎች ዘንድ የሚገኝ አንድ ምዕራፍ መምረጥ ግድ ሆነ። የተመረጠው ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል፣ ማለትም ራይቦዞምን፣ የሚመለከተው ክፍል ነው። ይህ ምዕራፍ ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገሮች አሉት። አንዳንዶቹ ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ ስለ ሆኑ በሁሉም ዝርያ ዘንድ ሳይለወጡ ኖረዋል፤ በመካከላቸው ያሉት ደግሞ ቢለወጡም ጉዳት ስለሌለው ከዝርያ ወደ ዝርያ ይለያያሉ። ያልተለወጡት መያዣ፣ የተለወጡት መለያ ሆኑ።

ለማንበብ ግን ብዙ ቅጂ ያስፈልጋል። ይህን ያስቻለው ካሪ ሙሊስ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውና በ1993 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ፒሲአር ነው። ዲኤንኤው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዝ ሁለት አጫጭር መነሻ ቁራጮች ባልተለወጡት ቦታዎች ላይ ይያያዛሉ፤ እንደ ገና በ72 ዲግሪ አካባቢ አንድ ኢንዛይም ከመነሻዎቹ ጀምሮ መካከሉን ይገለብጣል። በእያንዳንዱ ዙር ቅጂው እጥፍ ስለሚሆን ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ክር ወደ 1 ቢሊዮን ይደርሳል። ኋይትና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ለፈንገሶች የሚስማሙትን መነሻ ቁራጮች አሳተሙ፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

በ1998 እ.ኤ.አ. ኩርትስማንና ሮብኔት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወደ 500 የሚሆኑ የእርሾ ዝርያዎችን በዚሁ ምዕራፍ 600 ያህል ፊደላት አነጻጸሩ። የደረሱበትም መለኪያ ይህ ነው፤ የአንድ ዝርያ አባላት ከ3 ፊደል በላይ አይለያዩም፤ 6 ፊደልና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከመቶ 1 ያህል፣ ከተለያዩ ሌላ ዝርያ ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ አይቲኤስ የተባለውን ክፍል ለፈንገሶች ሁሉ መታወቂያ አድርገው መረጡት።

፬. ስሞች ሲከፈሉና ሲዋሐዱ

ንባቡ እንደ ተጀመረ በአንድ ስም ሥር የተደበቁ ብዙ ፍጥረታት ወጡ። በ1995 እ.ኤ.አ. በደብሊን ከተማ በኤድስ በሽተኞች አፍ ውስጥ የተገኘ እርሾ ቱቦ ያበቅላል፤ በአብዛኛው ፈተና አልቢካንስ ነው፤ ዲኤንኤው ግን የተለየ ሆነ። ካንዲዳ ደብሊነንሲስ ተባለ። በኋላ መዛግብቱ ሲበረበሩ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በሌላ ስም ተቀምጦ የቆየ የዚሁ ዝርያ ናሙና ተገኘ። ፍጥረቱ የደብሊን ተወላጅ ስላልሆነ ስሙ የሚነግረን መጀመሪያ የተለየበትን ቦታ ብቻ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ ሦስት ዝርያ ሆኖ ተከፈለ።

ከሁሉም የከበደው የካንዲዳ ኦሪስ ታሪክ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር ከአንዲት አረጋዊት ጆሮ ተገኝቶ ስለ ነበር «የጆሮ» በሚል የላቲን ቃል ተሰየመ። ብዙም ሳይቆይ ግን በልዩ ልዩ አህጉራት በሆስፒታል ክፍሎች የሚተላለፍ፣ ደም ውስጥ የሚገባና ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም መሆኑ ታወቀ። የቀድሞዎቹ የስኳር ሠንጠረዦች ሌላ ዝርያ ነው እያሉ ይጽፉት ነበር፤ በትክክል የለየው የፊደሉ ንባብ ነው። በደቡብ ኮርያ ከ1996 እ.ኤ.አ. የተቀመጠ ናሙናም ኋላ ሲነበብ ይኸው ሆኖ ተገኘ። ይህን ስም «የጆሮ እርሾ» ብሎ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ቢኖር፣ ሐኪሙ በደም ውስጥ ያለውን ጠላት ጆሮ ውስጥ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል የተለያዩ ስሞች አንድ ሆኑ። ካንዲዳ ክሩሰይ የሐኪሞች ስም ነበር፤ በሽተኛን የሚያጠቃ፣ ፍሉኮናዞል የተባለውን መድኃኒት በተፈጥሮው የሚቋቋም እርሾ ነው። ፒቺያ ኩድሪያቭዜቪ ደግሞ የምግብ ተመራማሪዎች ስም ነበር፤ በልዩ ልዩ አገሮች በሚብላሉ ምግቦችና መጠጦች ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ስሞችም ነበሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሙሉ መጽሐፋቸው ተነቦ ሲነጻጸር አራቱም ስሞች የአንድ ዝርያ መሆናቸው ተረጋገጠ። በምግብ በኩል ደህና ነው የሚባለውና በሆስፒታል በኩል የሚፈራው አንድ ፍጥረት ነበር፤ ለያይተው ያቆሙት ሁለት የሙያ ቋንቋዎች ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ድርብ ስም የሕግ መሠረትም ነበረው። የዕፀዋትና የፈንገሶች አሰያየም ሕግ አንድ ፈንገስ በተራክቦ ለሚባዛበት መልኩ አንድ ስም፣ ያለ ተራክቦ ለሚባዛበት መልኩ ሌላ ስም እንዲኖረው ይፈቅድ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን የተሰበሰበው ጉባኤ ይህን አስቀርቶ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም እንዲሆን ወሰነ። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች የለመዷቸው ብዙ ስሞች በመለወጥ ላይ ናቸው፤ ካንዲዳ ግላብራታ ናካሴኦሚሴስ ግላብራተስ፣ ካንዲዳ ኦሪስም በቅርቡ ካንዲዶዚማ ኦሪስ ተብለዋል።

፭. በአገራችን

በኢትዮጵያ የእርሾ ሕመም ትኩረት ያገኘው ከኤች አይ ቪ ጋራ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ስለ ታየው የክሪፕቶኮከስ ሕመም ጥናት ወጣ። ለሕዝቡ ይህ ሕመም «ማጅራት ገትር» ነው። ይህ ስም ግን ባክቴሪያ፣ ቫይረስና እርሾ የሚያመጧቸውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳድራል። የባክቴሪያው በአንድ ዓይነት መድኃኒት፣ የክሪፕቶኮከሱ በአምፎቴሪሲን፣ በፍሉሳይቶሲንና በፍሉኮናዞል ስለሚታከም፣ ሕመምተኛውን የሚያድነው ከማጅራት ገትር ቀጥሎ የሚጻፈው ሁለተኛው ቃል ነው። ለዚህ አንድ ሕመም የዲኤንኤ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ የክሪፕቶኮከስን ምልክት በደምና በአንጎል ውሃ ውስጥ በደቂቃዎች የሚያሳይ ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት አለ።

ለካንዲዳ ወገን ግን ነገሩ ይከብዳል። በአዲስ አበባ ተሠርተው በ2018 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች ከአልቢካንስ ሌላ የሆኑ ዝርያዎችም በታካሚዎች ላይ እንደሚገኙ አሳይተዋል። በየወረዳው የሚገኝ ላቦራቶሪ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ «የእርሾ ሕዋሳት ታይተዋል» ብሎ ሲጽፍ እውነቱን ጽፏል፤ ያየው ይህንኑ ነውና። ሐኪሙም በእጁ የሚገኘውን ፍሉኮናዞል ያዝዛል። ሕዋሱ አልቢካንስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሳካል። ክሩሰይ ከሆነ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው አይሠራም፤ ግላብራታ ከሆነ ሊደክም ይችላል፤ ኦሪስ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ይከሽፋል። በወረቀቱ ላይ ግን አራቱም አንድ ቃል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የ19 በሽታ አምጪ ፈንገሶች ዝርዝር በከፍተኛው ደረጃ ካስቀመጣቸው አራት መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ ኦሪስና ካንዲዳ አልቢካንስ፣ እርሾዎች መሆናቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል።

ዲኤንኤ የማንበብ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከሥጋ ደዌና ከሳንባ ነቀርሳ ጥናት ጋራ ይህን ሙያ አሳድጎታል። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በዲኤንኤው የሚለይ መሣሪያም በብዙ ሆስፒታሎች ገብቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ፒሲአር ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ የየቤቱ ወሬ ሆነ። የእንሰቱ ጓሮም አልተረሳም፤ የቆጮን እርሾዎች በዲኤንኤ ፊደላቸው የለየ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሣሪያውና ሰው ሲኖሩ የሚቀረው፣ ናሙናው ከዱቦን ከመሰለ ቦታ ወደ ማንበቢያው የሚደርስበት፣ ስሙም መድኃኒት ሳይታዘዝ የሚመለስበት መንገድ ነው። ናሙናው ከሳምንታት በኋላ ቢሰየም ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ ለተኛው በሽተኛ ግን አይደርስለትም።

፮. ስለ ስያሜ ያለን ሐሳብ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለአያሌ የሙያ ቃላት አማርኛ መልስ ተሰጥቷል። የዲኤንኤ ንባብ ያመጣው የስም ለውጥ በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የሆነ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ. «እርሾ» ለብቻው ሲነገር የባልትናውን ማቡኪያ ይሁን። ባለቤቱ ሕዝቡ ነው፤ ትርጉሙን ልንወስድበት አይገባም።

ለ. ነጠላው ፍጥረት «የእርሾ ፈንገስ» ይባል። ፈንገስ የሚለው ቃል በሕክምና ቤትም በሕዝብም አፍ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሲጋጠሙ ፍጥረቱ ከሻጋታ መለየቱንም ከማቡኪያው መለየቱንም ያሳያሉ። በሽታ ሲያመጣ «በሽታ አምጪ የእርሾ ፈንገስ» ማለት ይቻላል።

ሐ. የወገንና የዝርያ ስም አይተርጎም፤ በድምፁ ተወስዶ በፊደላችን ይጻፍ። ነጩ የሚነጣ፣ የጆሮ፣ የደብሊን ብሎ መተርጎም ከላይ እንዳየነው ያሳስታል። አጻጻፉ ግን አንድ ወጥ ይሁን፤ አንዱ ክሩሰይ፣ ሌላው ክሩዚ፣ ሦስተኛው ክሩሲ ብሎ ቢጽፍ፣ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ አንድ በሽታ ሦስት ይሆናል።

መ. ከስሙ ጋራ የታወቀበት መንገድ ይጻፍ። «በማይክሮስኮፕ የታየ»፣ «በስኳር ፈተና የተለየ»፣ «በዲኤንኤ የተነበበ» የሚሉት ሐረጎች አጭር ናቸው፤ አንባቢው ሐኪም በስሙ ላይ ምን ያህል መደገፍ እንደሚችል ይነግሩታል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከፍቺው ጋራ የቃሉን ምንጭ እንደሚጽፍ ሁሉ የላቦራቶሪ ባለሙያም ይህን ሊያደርግ ይገባዋል።

ሠ. ስም ሲለወጥ አሮጌው ከአዲሱ አጠገብ «ቀድሞ» በሚል ቃል ለተወሰነ ዘመን ይቆይ። ናካሴኦሚሴስ የሚለውን ያልሰማ ሐኪም ግላብራታን የሚያውቅ ከሆነ መድኃኒቱን አይስትም።

እነዚህ ሐሳቦች ለአማርኛ የቀረቡ ናቸው። በዱቦ ያለችው እናት የልጇን ሕመም የምትናገረው ግን በወላይትኛ ነው፤ ለወላይትኛ የሚስማማውን ቃል መምረጥም የተናጋሪዎቹና የምሁራኑ ሥራ ነው። ቃል ከላይ ሲጫን ምን እንደሚሆን ወላይታ ራሷ አይታለች። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ ላይ አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ለማዘጋጀት የተደረገው ሙከራ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋበት፤ በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተነሡ። የተለያየውን በአንድ ስም መጠቅለል በላቦራቶሪም በቋንቋም ዋጋ ያስከፍላል።

ማጠቃለያ

ከ1839 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የእርሾ ፈንገሶች ስም በመጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ በሚመገቡት ስኳር፣ በመጨረሻም በተጻፉበት ፊደል እየተመዘነ መጥቷል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንዳንድ ስም ተከፍሏል፤ አንዳንዱም ከሌላው ተዋሕዷል። ፍጥረታቱ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የእኛ የማየት ዐቅም ነው። ስለዚህ የዛሬውንም ስም ዛሬ የደረስንበት ንባብ አድርገን ልንይዘው ይገባል።

የመዝገበ ቃላት ሥራ ከሕክምና ሥራ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ሆስፒታል መስኮት የሚሰጥ ወረቀት የሚጻፈው በቃል ነው፤ ሐኪሙም የሚያዝዘው ያንን ቃል አንብቦ ነው። ያ ቃል የባልትናውን እርሾ ከደም ውስጡ የእርሾ ፈንገስ፣ አልቢካንስንም ከክሩሰይ የሚለይ ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ከእኛ የሚጠበቅ ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የቋንቋ ሰዎች በቀረቡት አምስት ነጥቦች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ እንጋብዛለን።